ከኮንሰርቱ በፊት የተጻፈው ሒስ

ጋሽ ጆሮ ይሏቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው የኦርኬስትራው ሙዚቀኞች ናቸው፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በንዴት። በከተማው ጋዜጣ ላይ የክላሲካል ሙዚቃ ሒስ የሚጽፉት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ የኮንሰርት ወቅት ሲከፈት ሙዚቀኛው ሁሉ በማግሥቱ ጋዜጣውን የሚገልጠው ልቡ ድብ ድብ እያለ ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ጥሩምባ ነፊ «ጥሩምባው ደህና ነው፤ ነፊው ግን እረፍት ያስፈልገዋል» ብለው ጽፈው፣ ሰውዬው ክረምቱን ሙሉ ሰላምታ ነፈጋቸው። በቀጣዩ ወቅት ተሻሽሎ መጣ፤ እሳቸውም መሻሻሉን ጻፉለት፤ ታረቁ።

ይሄ እንግዲህ ድሮ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሽ ጆሮ ሙዚቃ አይሰማቸውም። ጆሯቸውስ ደህና ነው፤ ሐኪሙ አይቶ «የጎረምሳ ጆሮ ነው» ብሏል። ቫዮሊኑ ቀድሞ ከገባ ያውቃሉ፣ ከበሮው ከዘገየ ያውቃሉ። አንጀታቸው ላይ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። ባለቤታቸው ኖታ የሚባል ነገር ባያውቁም ሁልጊዜ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር፤ ሙዚቃው ደስ የሚላቸው ቦታ ላይ ሲደርስ የባላቸውን እጅጌ ጨምደድ ያደርጋሉ። ጋሽ ጆሮም ያንን ሲያዩ የሰሙት ነገር እውነት መሆኑን ያምናሉ። ጋዜጣው ዛሬም ሁለት ቲኬት ነው የሚልክላቸው። በሁለተኛው ወንበር ላይ ኮታቸውን ያስቀምጡበታል።

ታዲያ ወቅቱን እንዴት ገፉት ትሉኝ እንደሆነ፣ በልማድ ነዋ። የሥራው ጠባይ ራሱ አግዟቸዋል። ጋዜጣው ማተሚያ ቤት የሚገባው ኮንሰርቱ ሳያልቅ ስለሆነ፣ ሐያሲው ጠዋት ልምምዱን ይሰማል፣ ከሰዓት ሒሱን ጽፎ ያስረክባል፣ ከዚያ አመሻሽ ላይ አዳራሹ ገብቶ ይቀመጣል። ከልምምዱ የተለየ ነገር ካጋጠመ በእረፍቱ መሐል ለጋዜጣው ገጽ አቀናባሪ ደውሎ ያስተካክላል። ድሮ ጋሽ ጆሮ እረፍት በሆነ ቁጥር ስልክ ላይ ናቸው፤ «ያቺን "ቀዝቃዛ" የምትለዋን አውጪልኝ፣ ዛሬ ነፍስ ዘርቷል» እያሉ ልጅቷን ቁም ስቅሏን ያሳዩዋታል። ዘንድሮ አንድም ቀን አልደወሉም። ልጅቷ እፎይ አለች። የጋዜጣው አዘጋጅም «ጋሼ፣ ዘንድሮ ብዕርዎ እንዴት ሰክኗል!» ብሎ አመሰገናቸው።

ብቸኛ ልጃቸው እዚያው ኦርኬስትራ ውስጥ ቼሎ፣ ያንን ቁጭ ብለው የሚጫወቱትን ትልቅ ቫዮሊን፣ ትጫወታለች፣ በጊዜያዊነት። በኮንሰርት ወቅቱ መዝጊያ ምሽት ላይ ብቻዋን ፊት ወጥታ እንድትጫወት ተመረጠች። ቋሚ ቅጥርም ቀረበላት፤ መልሱን ከኮንሰርቱ ማግሥት እንድትሰጥ ተነገራት። ጋሽ ጆሮ ለገዛ ልጅ ሒስ መጻፍ ነውር አይደለም ወይ ብለው አዘጋጁን ቢጠይቁት፣ «የሚሰማ ሌላ ሰው ካለ ይጠቁሙኛ» ብሎ ሳቀባቸው።

ከኮንሰርቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ልጃቸው ወጥ ቤት ድረስ መጣችባቸው።

«አባዬ፣ ልፈርም ወይስ ልተወው? ግራ ገብቶኛል። እማዬ ከሞተች ወዲህ ከልቤ ልጫወት፣ እጄ ስለለመደ ይጫወት፣ መለየት አቃተኝ። ሰውማ ጎበዝ ይለኛል። አንተ ግን ትለየዋለህ። የምትጽፈውን አንብቤ ነው የምወስነው።»

«እሺ» አሏት። ሳህን እያጠቡ ነበር፤ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ስትጥልብህ ሊከብድህ ይገባል። እሳቸውን አልከበዳቸውም። አለመክበዱ ለአፍታ አስፈራቸው፤ ፍርሃቱም ወዲያው ጠፋ።

በኮንሰርቱ ቀን ጠዋት፣ በልምምዱ ላይ፣ ልጅቷ አንድም ነገር ሳታጠፋ ተጫወተች። ጋሽ ጆሮ ቢሯቸው ገብተው ምሳቸውን እየበሉ ጻፉ፦ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም ሳታቋርጥ በአንድ ትንፋሽ ወሰደችን።» አስረከቡና ሄዱ።

አመሻሹ ላይ፣ የሙዚቃው ዝግተኛ ክፍል መሐል ላይ፣ የቼሎው ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የኦርኬስትራው መሪ ዱላውን ዝቅ አደረገ። ልጅቷ ቀና ብላ አባቷ የተቀመጡበትን ረድፍ አየች፤ ከዚያ ተነሥታ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። ክሩን ቀይራ ተመለሰችና ዝግተኛውን ክፍል እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው። ከጋሽ ጆሮ ፊት የተቀመጡ ሴትዮ ዕንባቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ጀመር። እሳቸው ሁሉንም አይተዋል። «ክሩ ተበጠሰ» አሉ በልባቸው፣ ዝናብ ዘነበ እንደማለት።

በእረፍቱ ወደ ኮሪደሩ ወጡና ስልካቸውን አወጡ። የገጽ አቀናባሪዋ ቁጥር እጃቸው ላይ ነው። «አንዴም ሳታቋርጥ» የሚለው ይውጣ ማለት ቀላል ነው፤ በምትኩስ ምን ይግባ? ክሩ ከተቀየረ በኋላ አጨዋወቷ ተለወጠ? ጠለቀ? ውስጣቸውን በረበሩ፤ ባዶ ነው። ልባቸው ደውል ደውል ቢላቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ስልኩን ኪሳቸው ከትተው አንድ ጠርሙስ ውኃ ገዝተው ጠጡ።

በማግሥቱ ልጅቷ ጋዜጣውን ይዛ መጣች። ኮቷንም አላወለቀች። ያቺን ዓረፍተ ነገር ድምፅ አውጥታ አነበበችላቸው።

«አባዬ፣ ትናንት ነበርክ?»

ውሸቱ አፋቸው ላይ ደርሷል፤ አመመኝና ወጣሁ ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«ነበርኩ።»

«ክሩ ሲበጠስ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«አልነበርኩም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር» አለች፤ ወንበር ስባም ቁጭ አለች።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ጋሽ ጆሮ። «እናትሽ ከሄደች ወዲህ አይሰማኝም። የአንቺም፣ የማንም። ወቅቱን ሙሉ የጻፍኩት በልማድ ነው። እንዴት እንደተጫወትሽ አላውቅም።»

ልጅቷ ክው አለች። ብትጮህባቸው ደስ ባላቸው፤ እሷ ግን ጋዜጣውን ማጠፍ ጀመረች። ጋሽ ጆሮም በደህናው ዘመን ሙዚቀኞችን ይጠይቁ እንደነበረው ጠየቋት።

«ክሩ ሲበጠስ ምን ተሰማሽ?»

አሰበች። «ፈራሁ። መበጠሱን አይደለም… መሪው ይበቃል ብሎ ወደሚቀጥለው እንዳያልፍ ነው የፈራሁት። ከመጋረጃው ኋላ አደራ፣ አደራ እያልኩ ነበር የምቀይረው።» የተናገረችውን ራሷ እንደገና የሰማችው ትመስላለች። «መጨረስ ፈልጌ ነበር፣ አባዬ። በጣም ፈልጌ ነበር።»

ተነሣች። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«እፈርማለሁ» አለች። ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና በሩን ይዛ ዞር አለች። «ለካ አንተን መጠበቅ አያስፈልገኝም ነበር።»

ንዴት የለበትም፤ ቁልፍ ጠፋኝ ብሎ ሲፈልግ ቆይቶ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው እንደሚለው ነው ያለችው። ኮቴዋ ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ ጋሽ ጆሮ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አመማቸው። ደረታቸው ውስጥ፣ ሰፊ ቦታ ላይ፣ አምርሮ አመማቸው። ከባለቤታቸው ቀብር ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቷቸው አያውቅም። ሕመሙ እንዳይሄድባቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።