ሳይወለድ የጠና እግር

ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ወንደሰንን «አጥንቴ» እንጂ በስሙ የሚጠራው ጥቂት ነው። ከደብረ ታቦር መጥቶ አርባ ምንጭ በአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ከተቀጠረ ጀምሮ ሥራው የበግ ጽንስ እግር ነው። ከቄራ የሚመጡለትን ጽንሶች ውስጣቸው እስኪታይ በመድኃኒት ይዘፈዝፋል፤ ከዚያ የጠነከረውን አጥንት ቀይ፣ ለጋውን ሰማያዊ ያቀልመዋል። «አጥንት መጠንከር የሚጀምረው ከመሃል ነው፤ ቀዩ ቀስ እያለ ወደ ጫፍ ይሄዳል» ይላል፣ የሚሰማው ኖረም አልኖረም። ሠርግ ቤት እንኳ ቅልጥም ካየ ትምህርት ይጀምራል። ያኔ ሚስቱ በለጥሽ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ትረግጥበታለች።

የሁለት ሺህ ሦስት እንቁጣጣሽ ላይ ግን ይኸው ሊቅ ጉድ ሆነ። ጎረቤቱን ሁሉ ከጠራ በኋላ ገበያ የወጣው በዋዜማው፣ ሊመሽ ሲል ነው። ሙክት የለም። የቀረችውን ሴት በግ ዳሌዋን ዳበስ አድርጎ «ስብ ብቻ ናት!» እያለ ባጃጅ ላይ ጫናት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ!

በማግስቱ ጎረቤቱ ጋሽ ኤርጫፎ ቢላዋቸውን ስለው መጡ። ወንደሰን በጓን ሊጥል ሆዷን ሲያቅፍ መዳፉን አንድ ነገር ጎነተለው። ደግሞ ጎነተለው። እጁ አወቀው፤ እግር ነው። እስከዚያ ቀን ያን እግር የሚያውቀው ብልቃጥ ውስጥ፣ ዝም እንዳለ ነበር። እርግጫው ሲሰማው በጓን ለቀቃት።

«ጋሽ ኤርጫፎ፣ ቢላዋውን ያስቀምጡልኝ። ሁለት ናቸው።»

«ሁለት? ትናንት ገበያ ላይ እጅህ የት ሄዶ ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

በዓሉ በሽሮ ተከበረ። በለጥሽ ኩርፊያዋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም፤ እንግዳው ደግሞ «ስቡን አቅርቡልን እንጂ!» እያለ ይስቅበታል። ወንደሰን እልህ ያዘው። «የዚህ ግልገል እግር እናቱ ሆድ ውስጥ ጠንክሯል። ተወልዶ እርጥበቱ ሳይደርቅ ባይቆም፣ ሁለተኛ አጥንቴ አትበሉኝ!»

ቃል ከአፍ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በጓ እንደ አራስ ተያዘች፤ ከላንቴ ገጠር የሙዝ ቅጠል ሳይቀር ይመጣላት ጀመር።

በጥቅምት አንድ ማለዳ የበለጥሽ ጥሪ ሰፈሩን ሰበሰበው። ግልገሉ ወጣ፤ እናቱ ትልሰው ጀመር። ሊነሳ ሞከረ፤ ወደቀ። እንደገና ሞከረ፤ በአፍንጫው ተደፋ። የሚስቅ እንኳ ጠፋ። ወንደሰን ስሙንም እልሁንም ረስቶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ሁሉም ተሠርቷል፤ እኔ አውቃለሁ» እያለ ይለምነዋል።

ግልገሉ የኋላ እግሮቹን ዘረጋ፤ የፊቶቹን አስከተለ፤ እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

በለጥሽ እልል አለች። ወንደሰን ሳያፍር አለቀሰ። ስንቱን እግር ቀይ አቅልሞ ደርድሯል፤ ሲራመድ ያየው ግን ይህን ብቻ ነው። ግልገሉ የእናቱን ጡት ስቶ እየተንገዳገደ መጣና የወንደሰንን ጣት ይጠባ ጀመር።

ጋሽ ኤርጫፎ ሰውየውንና ግልገሉን ተራ በተራ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በሉ እንግዲህ፣ የመጪው እንቁጣጣሽም ሽሮ ነው!»