ለእትዬ ዝማም ያልተነገረው መርዶ

የጦር ሜዳ መታሰቢያ የሐዘንተኛን ልብ ያጽናናል ይባላል። እኔ ሲያጽናና አላየሁም። ያየሁትን ያየሁት በደርግ ዘመን አንድ ቀን፣ መተማ ላይ ነው። ጸጉሬ መሸበት ጀምሮም ያ ቀን አልለቀቀኝም።

ያኔ መተማ አቅራቢያ ሸህዲ ከተማ አስተማሪ ነበርሁ። እትዬ ዝማም የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። አንድያ ልጃቸው ውበቱ ሚሊሺያ ሆኖ ከዘመተ ዓመት አልፎታል። እሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ ደብዳቤያቸውን የምጽፍላቸው እኔ ነበርሁ።

ክረምቱ መሃል ላይ የልጁ መሞት ተሰማ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩ። መርዶ ወግ አለው፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ደግፎ የሚይዝ ሳይኖር አይነገርም። እትዬ ዝማም ያላቸው ዘመድ ገለጉ የሚኖር ወንድማቸው ብቻ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው። «መንገዱ ይድረቅ» ተባለ። መንገዱ ሲደርቅ አጨዳ ደረሰ። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና «ሰሊጡ ይሰብሰብ» ተባለ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብሁት እኔም ራሴን ነቅንቄ ተስማማሁ። መጽሐፍ ማንበብ ሰውን ደፋር አያደርግም፤ ፈሪነቱን በጥሩ ቃል ማስረዳት ያስተምረዋል እንጂ።

በዚያ መሃል እትዬ ዝማም ለልጃቸው ሁለት ደብዳቤ አጻፉኝ። «ጥጃዋ ላም ሆናለች በለው። ስትመጣ ወተት ይሰለችሃል በለው።» ጻፍሁ። ፖስታው ላይ አድራሻው ሳይቀር ጻፍሁ።

ኅዳር ላይ ለአስተማሪዎች የአንድ ቀን ጉብኝት ተዘጋጀ። መተማ ሄደን ድሮ ንጉሡ የወደቁበትን የጦር ሜዳ እናያለን ተባለ። ስንቅ የሚያሰናዳ ሰው ያስፈልግ ነበርና እትዬ ዝማምም ካሚዮኑ ላይ ወጡ። «ይቅሩ» እንዳልል ምክንያቱን ልጠየቅ ነው። የድሮ ሞት ምን ያደርጋቸዋል ብዬ ተውሁት።

አስጎብኚያችን አንድ እግሩን የሚያነክስ ከዘመቻ የተመለሰ ሚሊሺያ ነበር። የንጉሡንና የድርቡሽን ጦር አሰላለፍ በከዘራው መሬት ላይ እየሣለ ሲያስረዳ እትዬ ዝማም ፈዘው አዳመጡት።

«አንተዬ፣ ይህን ሁሉ ቆመህ አይተኸዋል?»

«ኧረ እናቴ፣ ያኔ አባቴም አልተወለደ!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ በፕሮግራሙ ላይ ያልነበረ ነገር ጨመረልን። ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ የሲሚንቶ ሐውልት አለ፤ በጠረፉ ውጊያ የወደቁ ጓዶቹ ስም ተጽፎበታል። ፊት ለፊቱ አሰለፈን። «ስም ስጠራ ሁላችሁም ‹አልሞተም!› በሉ» አለ። ጽሑፉን አያይም፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቃቸዋል።

እሱ መጥራት ሲጀምር እኔ ዝርዝሩን በዓይኔ ፈጠን ብዬ ቃኘሁት። ወደ ታች የውበቱን ስም አየሁ። «ሆዴን አመመኝ» ብዬ ጥሪውን ማቋረጥ እችል ነበር። እትዬ ዝማምን ይዤ ወደ ካሚዮኑ መሄድ እችል ነበር፤ ከጎኔ ነበሩ። እኔ ግን እንደ ሌላው «አልሞተም!» እያልሁ የቀሩትን ስሞች ቆጠርሁ። አራት ቀሩ። ሦስት ቀሩ።

«ውበቱ…» አለ አስጎብኚው፣ የአባቱን ስም ጨምሮ።

«አልሞተም!» አልን።

እትዬ ዝማም እጄን ያዙኝ። «መምህር፣ ካልሞተ ስለምን ትጮኻላችሁ?»

ፊቴን አዩት። ከዚያ ዙሪያቸውን የቆሙትን አስተማሪዎች አንድ በአንድ አዩ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ያኔ ገባቸው። የልጃቸው መሞት ብቻ አይደለም የገባቸው፤ የሁላችንም ማወቅ ጭምር ነው።

«መቼ ነው?»

«ክረምት ላይ ነው፣ እትዬ።»

«ደብዳቤዎቹስ?»

«ከእኔ ዘንድ ናቸው።»

«የወተቱን ነገር ስትጽፍ እኮ ስቀህ ነበር» አሉኝ።

አስጎብኚው እያነከሰ መጣ። «እናቱ ነዎት? አውቀው የመጡ መስሎኝ እኮ! ወይኔ እናቴ፣ ምን አደረግሁ!» ከዘራውን ጣለው። «ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ» አላቸው። ይህን ሲሰሙ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙና አለቀሱ። ያለቀሱት በዚያን ቀን ካወቁት ሰው ትከሻ ላይ ነው። ስንት ዓመት አብረናቸው የኖርን እኛን አልነኩንም።

ወንድማቸው በሳምንቱ ደረሰ፤ ለቅሶው በወጉ ተለቀሰ። ሽማግሌዎቹ አስጎብኚውን ወቀሱ፤ ራሱን የወቀሰ ግን አልነበረም። እትዬ ዝማም ሰላምታ አልከለከሉኝም። ለወንድማቸው ደብዳቤ መላክ ሲፈልጉ ግን ሌላ ጸሐፊ ፈለጉ።

ዛሬም ይህን ስናገር «ወጉ እኮ ለሐዘንተኛው ታስቦ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ያን ክረምትና ያን አጨዳ ሲያዝኑ ፊታቸውን ከማየት የተረፍነው እኛ ነን። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ማፈሬም እሳቸውን ምንም አይጠቅማቸውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ባለቤቱ ያልሰማው መርዶ በእጃችሁ ካለ ዘመድ እስኪሰበሰብ አትጠብቁ፤ አዝመራም አትጠብቁ። ንባቡን ተዉትና ዛሬውኑ ሄዳችሁ ንገሩት።