ላስቲክ ላይ አልዘፍንም

ድራም የተማርሁት በአረብ አገር፣ አቧራ እየጠረግሁ ነው። የምሠራበት ቤት ልጅ ምድር ቤት ውስጥ ሙሉ ድራም ነበረው፤ አባቱ ገዝቶለት ትንሽ ደበደበውና ሰለቸው። ማዳሟ ግን ሳታሰልስ አስወልውላኛለች። ቤተሰቡ ወጣ ባለ ቁጥር ጨርቄን ወርውሬ ድራሙ ጋ ተቀምጬ እመታለሁ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፣ ከበሮ እየመታሁ ነው ያደግሁት፤ እጄ አልተቸገረም፣ ያስቸገረኝ እግሬ ነው። ኮንትራቴ ሲያልቅ ሌሎቹ ወርቅና ብርድ ልብስ ይዘው ሲመለሱ እኔ በእግር የሚረገጥ የድራም ፔዳል ይዤ ተመለስሁ። ጉምሩክ ላይ የነበረው ሰው የመኪና ፍሬን መስሎት ብዙ አገላበጠው።

በእናቴ ግቢ ውስጥ ገብስ የሚቀመጥባት ክፍል ነበረች። ገብሱን አስወጥቼ፣ ግድግዳዋን በፍራሽ ስፖንጅ ለብጄ፣ ስቱዲዮ አልኋት። ድራሙን የሙዚቃ ባንዱ ከተበተነበት ሆቴል አገኘሁት፤ ሲምባል የሚሉት የነሐስ ሳሕን ዳሩ ተገምጧል፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ፊቱ በፕላስተር ተጠጋግኗል፣ ሁሉም ላይ የደረቀ ቢራ አለ። ደንበኞቼ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆችና ዘፋኝ ነን የሚሉ ጎረምሶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሲጀምሩ ስፖንጁን የለጠፍሁት ለጎረቤት ብዬ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

እናቴ ግን የእውነት ዘፋኝ ናት። በሰፈራችን ሰርግ ካለ ዘፈኑን እሷ ታወጣለች፣ ሴቱ ሁሉ ይቀበላል። ድምፅዋ ድንኳኑን አልፎ አስፋልት ላይ ያለ ባጃጅ ያስቆማል። ይህንንም ታውቃለች፤ ትሕትና የሚባል ነገር ሲታደል እሷ ሰርግ ላይ ነበረች። አንገቷ ላይ ከድሮ ጀምሮ እንቅርት አለ፣ ሻሽ ጣል አድርጋበት ትኖር ነበር። በጥር መዋጥ ሲያስቸግራት ባሕር ዳር ወሰድኋት። ሐኪሙ መውጣት አለበት አለና ለዐቢይ ጾም አጋማሽ ቀጠራት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርጎች ይደርስልኛል ወይ አለችው። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሆነ ቃል መግባት አልችልም አላት።

ስንመለስ እስከ ወረታ ድረስ ሐኪሙን ስትሰድብ መጣች፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም፣ ምን ያውቃል እያለች። ከወረታ በኋላ ዝም አለች። ፈራሁ። እናቴን ዝም ስትል አላውቃትም፤ ስትቆጣም፣ ስትጸልይም፣ ጎረቤት ስታማም ድምፅዋ ነው የሚቀድማት። ቤት ከመግባታችን በፊት፣ ጾሙ ሳይያዝ ስቱዲዮ ገብታ ዘፈኖቿን እንድታስቀርጽ ተስማማን።

መጀመሪያ ቀን ማዳመጫውን ሻሿ ላይ ደፋችው፣ ማይኩ ፊት ቆመች፣ እኔም መታሁ። ሁለት ስንኝ ሳትጨርስ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ይኼ ላስቲክ ነው» አለችኝ የድራሙን ፊት እያሳየች። «ላስቲክ ላይ አልዘፍንም።»

እንግዲህ ድራሙን ማሻሻል የጀመርሁት ለጥበብ ብዬ ሳይሆን ለእሷ ኩራት ነው። ከአዲስ አበባ ስኔር የሚባለውን ትንሹን ድራምና ሲምባል አዲስ አዲሱን በአውቶቡስ አስመጣሁ። ስኔሩን ደኅና ነው፣ ይቆጣል አለች። ሲምባሉን ክዳን ነው ብላ አለፈችው። የእግሩን ድራም ግን ፊቱን በአዲስ ላስቲክ ብቀይረውም ሆድ የለውም አለች። ኮምፒዩተር ውስጥ የተዘጋጀ የከበሮ ድምፅ ከፈትሁላት። ማን ነው የሚመታው ብላ ጠየቀች። ማንም አልኋት። እንግዲያው ማንም ይዝፈንለት አለችና ወጣች።

የቤታችንን ከበሮ ለምን አንጠቀምም ብላት ደግሞ ናቀችኝ። ከበሮማ በየቤቱ አለ፤ እሷ የፈለገችው ዘፈኗ በስልክ ሲከፈት የዛሬው ወጣት ተነሥቶ እንዲጨፍር ነው። ስለዚህ ድራሙ ዘመናዊ ይሁን፣ ፊቱ ግን የበሬ ቆዳ ይሁን ብላ ወሰነች። አሳቡን ስሰማው እኔም ወደድሁት። በደቡብ ጎንደር እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ስቱዲዮ የኔ ብቻ ሊሆን ነው ብዬ ልቤ አበጠ።

ከእናቴ ጋር ድራሙን ሚኒባስ ላይ ጭነን፣ ገሳይ ከተማ ከበሮ ወደሚሠሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለአምሳ ደብር የሠራሁ ሰው ይኼ ያቅተኛል?» አሉኝ፣ ትንሽ ተቀይመው። ለጥምቀት የታረደ በሬ ቆዳ ነበራቸው። እርጥቡን ቆዳ ከፊትና ከኋላ አለበሱትና በጠፍር ከዳር እስከ ዳር ጠፈሩት፤ ሲደርቅ ራሱን ይወጥራል አሉን። እውነት ነው፣ ከበሮ እንዲያ ነው የሚሠራው። ከበሮ ግን ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ የኔ ድራም ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ነው። ሦስታችንም ይህን እያየን፣ ሦስታችንም ሊቅ ነን ባይ ሆነን፣ አንዳችንም አላሰብነውም።

ቤት ስንደርስ የጉና ተራራ ጭጋግ ወረደና አልነሣ አለ። ቆዳው መድረቁን ትቶ መሽተት ጀመረ። የሰፈሩ ውሻ በር ላይ ተኛ፣ ዘፋኝ ነን ባዮቹም አፍንጫቸውን ይዘው ጠፉ። እናቴ ጠዋት ጠዋት በጣቷ እየነካች ገና ነው ትላለች። እኔ ቀን እቆጥራለሁ፤ ጾም ከገባ እንደማትዘፍን አውቃለሁና።

የቅበላ እሑድ ፀሐይ ወጣች። ዘፈኑን የሚቀበሏት ሴቶች ከቀትር በኋላ እንዲመጡ ተጠርተዋል፣ ዶሮ ወጡ ተሠርቷል። ቆዳው ግን ገና ዳሩ እርጥብ ነው። እናቴ ለሰርግ ከበሮ እንደምታደርገው ፍም በምድጃ ሞልታ ስቱዲዮ ውስጥ አስገባችና ድራሙን አጠገቡ አቆመችው። ቆዳው እየተወጠረ ሄደ። በመዳፏ መታችው፤ ድምፁ ከደረቴ ውስጥ የወጣ መሰለኝ። ሆድ አገኘ አለችና ትከሻዋ በራሱ ተንቀሳቀሰ። እንዲህ ተደስታ ካየኋት ቆይቶ ነበር። ልብሷን ልትለውጥ ወጣች።

ሴቶቹ እየገቡ ሳለ ጓ አለ። ቆዳው እንደ ልቡ ሲወጠር ስሱን እንጨት ጨምድዶ ወደ ውስጥ ሰብሮት ነበር። ሴቶቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ እናቴም በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ መጥታ አብራ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በጭብጨባ ይሁን፣ ባዶውን ዝፈኚ ብዬ ለመንኋት። ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ ክፍሏ ግን በስፖንጅ የታፈነች ናትና የፍሙ ጭስ ጉሮሮዋን ያዘው። ሳለች፣ ውኃ ጠጣች፣ እንደገና ሳለች። ሴቶቹ ዶሮውን በልተው በየቤታቸው ገቡ።

በማግሥቱ ጾም ሆነ። እግዚአብሔር እኮ ያውቃል፣ አንድ ቀን ብቻ አልኋት። እኔም እምቢ የምለው ስለሚያውቅ ነው አለችኝ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፤ ለዚህ ተመስገን ብያለሁ። ድምፅዋ ግን በሹክሹክታ ከረመና በፋሲካ ሰሞን ሲመለስ ወፍሮ ተመለሰ። ስልክ የሚደውሉ ሰዎች ጌታዬ ይሏታል፤ እሷም አቤት ወንድሜ እያለች ታወራቸዋለች። ይህን ለጎረቤት ስታወራ ሰዉን ሁሉ ታስቃለች። እኔ ጓዳ ገብቼ ዕቃ አጥባለሁ፤ የታጠበውንም ጭምር።

የገሳዩ ሽማግሌ ጥፋተኛ ነኝ ሳይሉ አንድ ትልቅ የዋንዛ ከበሮ ላኩልኝ። በጎኑ አጋድሜ በሁለት ብሎኬት ደገፍሁት፣ ያን ጉምሩክ የተጠራጠረውን ፔዳል ፊቱ ላይ ገጠምሁለት። እንዴት ያለ ድምፅ ሰጠ! ለእናቴ አልነገርኋትም። ምን ብዬ ልንገራት?

ለዳግማይ ትንሣኤ ጥቂት ቀን ሲቀር ስለማመድ በሩ ተከፈተ። እናቴ ገባች፣ ማዳመጫውን ደፋች፣ ማይኩ ፊት ቆመች። ምቺ ብላ በእጇ አመለከተችኝ። መታሁ። ሁልጊዜ ሰርግ የምትከፍትበትን ስንኝ ጀመረች፤ ድምፅዋ እኩሌታውን ወጣና እዚያው ቀረ። እንደገና ሞከረች፣ እዚያው ቀረ። እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁ። ወደ እኔ አልዞረችም፣ ማይኩን ብቻ ታያለች።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ተቀባዮች የሚቆሙበት ግድግዳ ዘንድ ቆመች። እናቴ በዕድሜዋ የማንንም ዘፈን ተቀብላ አታውቅም።

«አንቺ አውጪ» አለችኝ። «እኔ እቀበላለሁ።»

«እኔ እኮ ድምፅ የለኝም፣ እማዬ።»

«ታዲያ እኔስ አለኝ? አውጪ።»

ማይኩን ወደ ድራሙ ሳብሁ፣ እግሬንም ፔዳሉ ላይ ጣልሁ። ቅኝቱን ሳትሁ፣ ግን ስንኙን እስከ መጨረሻው አወጣሁት። እናቴ እያጨበጨበች ተቀበለችኝ።