የቡልቡላ በቆሎ የት ገባ?

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን እርግጠኛ አይደለሁም፤ መስከረም መሆኑን ግን አልረሳም። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ጽጌ ሥራዋን ስታስረዳኝ ትዝ አለኝ። የየሱቁ መዝገብ ክላውድ በሚሉት ሩቅ ቦታ ይቀመጣል፤ እሷ ኢንተርኔት ላይ ካለ ሪፖርት ማውጫ ጋር ታገናኘዋለች፤ ባለሱቁ አዳማ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ባንድ ገጽ ያያል። «እኛም እኮ እንዲህ እንሠራ ነበር» ብላት ሳቀችብኝ።

ያኔ ናዝሬት፣ አንድ የእህል መሥሪያ ቤት ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም፤ ጽሕፈቴ ግን ይነበባል። ጠዋት ጠዋት የመቂ፣ የቡልቡላ፣ የሻሸመኔ መጋዘኖች በሬዲዮ የገባና የወጣውን ይነግሩኛል። እኔ ቅጽ ላይ እሞላለሁ፤ ቅጹ በመኪና አዲስ አበባ ይሄዳል። እዚያ፣ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ማሽን፣ ቅጹ በቀዳዳ የተገለበጠበትን ካርድ እየበላ የሁሉንም መጋዘን ሪፖርት ባንድ ወረቀት ያወጣል ይባላል። ማሽኑን አይቼው አላውቅም።

የቡልቡላው መጋዘን ኃላፊ አቶ ቱሉ ይባላሉ። የማውቀው ድምፃቸውን ብቻ ነው። «ናዝሬት፣ አከም ቡልተን!» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ካሉ በኋላ፣ የቤቴን ሰው ሁሉ ጠይቀው ሳይጨርሱ አንድ ኩንታል አይነግሩኝም።

ታዲያ ያን መስከረም ሪፖርቱ ቡልቡላ ሁለት መኪና በቆሎ አለ አለ። ተቆጣጣሪዎች ሄደው ቢያዩ መጋዘኑ ባዶ ነው። አቶ ቱሉ «ሻሸመኔ ልኬዋለሁ» ቢሉ ማን ይስማ። የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለ። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ከተነሳ እስር ቤት ሩቅ አይደለም። ዓርብ ኮሚቴ ፊት እንዲቀርቡ ተነገራቸው።

«ወንድሜ» አሉኝ በሬዲዮ፣ «ነግሬህ የለም እንዴ?»

ነግረውኛል። ቅጂዬን አወጣሁ፦ ጳጉሜ ሁለት፣ ሁለት መኪና፣ ወደ ሻሸመኔ። ይዤ ወደ አለቃዬ ሄድኩ።

«ጓድ፣ ይኸው።»

«አንተ የጫርከውን እንመን ወይስ ማሽን የጻፈውን?»

እውነቱን ልናገርና ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ወረቀቱ ከእጄ ወጥቷል፣ መኪና ላይ ተጭኗል። ታዲያ የት ወደቀ? ሐሙስ ሾፌሩን ለምኜ አብሬው አዲስ አበባ ወጣሁ።

ማሽኑ ክፍል ካርድ የምትበሳ ልጅ ተቀበለችኝ። «ምን ጠፋብዎት ጋሼ?»

«ጳጉሜ» አልኳት።

ሳቀች። ቅጂዬን ሰጠኋት። የወሩ ሣጥን ውስጥ 13 ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከአሥራ ሁለተኛው ቀጥሎ ሌላ ምን ይጻፋል? ሳቋ ጠፋ።

«ይሄ ማሽን ከአሥራ ሁለት በላይ ወር አያውቅም፤ ይተፋዋል» አለች።

«የተፋውንስ የት ታደርጉታላችሁ?»

አንድ መሳቢያ ሳበች። የየከተማው ጳጉሜ፣ አምስቱም ቀን፣ በላስቲክ ታስሮ ተኝቷል። ሻሸመኔም የተቀበለው በቆሎ ሪፖርት ላይ አልወጣም ኖሯል፤ ትርፍ የተገኘበት ደግሞ አይጮህም። የልጅቷ አለቃ ደብዳቤ ጽፈውልኝ ይዤ ተመለስኩ።

ደብዳቤው ኮሚቴው ፊት ተነበበ፤ አቶ ቱሉ ነፃ ወጡ። ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ ጠሩኝ። ስለ ቤቴ፣ ስለ ሌለኝ ከብት ሳይቀር ጠየቁኝ። ከዚያ «ናዝሬት» አሉ፣ «ዛሬ የገባም የወጣም የለም። ቱሉ ግን አለ።»

ጽጌ ይህን ስትሰማ ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበች። «አባባ፣ የእኔም ሪፖርት ማውጫ የሚተፋው አለ። የት እንደሚሄድ አይቼው አላውቅም» አለችና መፈለግ ጀመረች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አቶ ቱሉ ፊታቸውን ሳላየው አረፉ። ጳጉሜ ሁለት ሲሆን ግን፣ ጠዋት ላይ ጆሮዬ አሁንም ቡልቡላን ይጠብቃል።