የዘር ቀን ንፍሮ

ዶሮዋን ሳያት ነው ነገሩ የገባኝ። ደጃፋችን ላይ ክንፏን ዘርግታ ተኝታለች፤ አንገቷን ማንሳት አቅቷታል። አጠገቧ የተደፋው ውሃ ቀይ ነው፤ ቀይ ሥር የታጠበበት ይመስላል።

ቀና ስል ልጄ ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ታላምጣለች። ጣቶቿም ቀይ ናቸው።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በሐምሌ፣ ስንዴ በዘራንበት ቀን ነው። ዛሬም ቀይ ውሃ ሳይ መጀመሪያ የልጄን ጣቶች አያለሁ። ከሦስተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ አማርኛውንም የለመድኩት ልጅ ሆኜ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ነው። ጽሑፌ ቢጣመም አትፍረዱብኝ። የምጽፈው ዝም በይ ያሉኝ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ቤታችን ከአርባ ምንጭ ሽቅብ፣ ደጋው ላይ ነው። ድሮ ስንዴያችንን ገበያ ተሸክመን ነበር የምንሸጠው። ነጋዴው እጁን ጆንያው ውስጥ ይከትና፣ አሸት አሸት አድርጎ፣ «ይሄ እኮ ለዶሮ ነው» ይላል። ያን ያህል መንገድ ከመጣን በኋላ መልሰን እንደማንሸከመው ያውቃል። ባለው ዋጋ ጥለንለት እንመለሳለን።

ኋላ አንድ የዱቄት ፋብሪካ በኮንትራት ዝሩልኝ ብሎ መጣ። ዘሩንና ማዳበሪያውን መንደር ድረስ ያመጣል። ዋጋው ሳይዘራ በፊት ይነገራል። ምርቱንም ራሱ መጥቶ ይጭናል። ይህ መልካም ነው፤ ዛሬም መልካም ነው እላለሁ።

ክፋትም አለው። መሬታችሁን በሙሉ በኔ ዘር ሸፍኑት ይላል። ለሌላ ሰው መሸጥ የለም። እርጥበት ካገኘበት ወይም ሌላ እህል ከተቀላቀለበት አልወስድም ይላል፤ ያን ጊዜ ስንዴን ታቅፎ መቅረት ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ስብሰባው ነው። የተጠሩት ወንዶች፣ የፈረሙትም ወንዶች። ዘሩን ቤት የምናስቀምጠው፣ የምንሰፍረው፣ የተረፈውን የምንቀቅለው እኛ ሴቶች አልተጠራንም።

ዘሩ በሽታ እንዳይነካው መድኃኒት የታሸ ነበር። የቀላውም ለዚያ ነው። በስብሰባው ላይ በአማርኛ ተነግሯል አሉ፤ የመንደራችን ቋንቋ ግን ጋሞኛ ነው። ባለቤቴ ግን ሰምቶ የመጣው ዋጋውን ብቻ ነው።

በኛ አገር ደግሞ በዘር ቀን የተረፈ ዘር ወደ ጎተራ አይመለስም። ይቀቀልና ለዘሩት ሰዎችና ለልጆች ይታደላል። መሬት በልታ እኛ ጾማችንን ካደርን ዓመቱ አያምርም ይባላል። አማቴን አዮ ነው የምንላቸው፣ እናቴ ማለት ነው። አዮ እናታቸው ያደርጉ የነበረውን አደረጉ።

«አዮ፣ ድስቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የተረፈው ዘር ነዋ! ቀለም ቀብተው ነው የላኩት፤ እስኪለቅ ድረስ ስፈትገው ክንዴ ዛለ።»

«ማን በላ?»

«ማንም። ባልሽም ሰዎቹም ገና ማሳ ላይ ናቸው። ምሕረት ብቻ ጨው ቀምሳልኛለች።»

እሳቸው ጥርስ የላቸውም፤ ንፍሮ አይበሉም። ድስቱን ከነንፍሮው አንስቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገለበጥኩት። ባዶውን ጆንያ ሳነሳ ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ ሥር ላይ ግን የራስ ቅል ሥዕል አለበት። ለዚያ ትምህርት አያስፈልግም። ምሕረት ማስመለስ ጀመረች፤ ቀጥሎ እግሯ ከዳት። በጋቢ ጀርባዬ ላይ አሰርኳትና ጆንያውን በብብቴ ይዤ ሮጥኩ።

መንገድ ላይ አቶ መንገሻን አገኘኋቸው። የኮንትራቱ ገበሬዎች ሰብሳቢ ናቸው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ዘሩን በልታ ነው። ሆስፒታል ልወስዳት ነው።»

ዓይናቸው ከልጄ ይልቅ ጆንያው ላይ አረፈ። «ልጅቷን ውሰጃት፤ እሱን ግን ለኔ ተይው። ከተማ ከወረደ ወሬ ይሆናል። ፋብሪካው ጥሎን ቢሄድ መንደሩ ምን ይልሻል?»

«ልጄ ብትሞትስ መንደሩ ምን ይለኛል?»

የጆንያውን ጫፍ ያዙ። እኔም ሳብኩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ዓይናቸውን እንኳ ቀና ብዬ አላይም።

«ይልቀቁ! እጮኻለሁ! ማሳ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል!»

ለቀቁት።

ዘር ሲያራግፍ የዋለው የፋብሪካው አይሱዙ ባዶውን ሊወርድ ሲመጣ ሰማሁ። መሃል መንገድ ላይ ቆምኩ። መኪናው ሲጢጥ ብሎ ቆመ፤ ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«እናት! ሞት አማረሽ እንዴ?»

«ሞቱስ ጀርባዬ ላይ ነው። ክፈትልኝ!»

«ሰው መጫን ክልክል ነው። ከሥራ ያባርሩኛል።»

«እንግዲያው በላዬ ላይ ሂድ። ልጄን የመረዛትን ያመጣው ይሄ መኪና ነው፤ ይሄው መኪና ያወርዳታል።»

ከመንገዱ አልወጣሁም። ጆንያውን አየ፣ ልጄን አየ፣ በሩን ከፈተ።

«ግቢ፣ ግቢ! ብቻ ወንበሩ ላይ እንዳታስመልስ» አለና መልሶ ሐሳቡን ቀየረ። የራሱን ጃኬት አውልቆ አገጯ ሥር አነጠፈላት። «እዚህ ላይ ታስመልስ። ጃኬት ይታጠባል።»

ቁልቁል ወረድን። ጉሙ አለቀ፤ ሙቀቱ መጣ። አባያ ሐይቅ ከታች ቀልቶ ታየኝ። ያን ቀን ቀይ ነገር ሁሉ ጠላቴ ነበር። ልጄን «ምሕረት፣ ምሕረት» እላታለሁ፤ አትመልስልኝም። ሹፌሩ ከኔ እኩል «ምሕረትዬ፣ አይዞሽ፣ ደረስን» ይላታል።

ሆስፒታል ሐኪሙ ምን በላች ሲለኝ ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አነበበውና ነርሷን ተጣራ። ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ መድኃኒት ሰጧት። «ይሄን ይዘሽ ባትመጪ ምን እንደሆነ ስንፈልግ ጊዜ እናጠፋ ነበር» አለኝ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እግሯን ይዤ ቀረሁ።

አመሻሹ ላይ ዓይኗን ገለጠች። «እማ፣ ርቦኛል» አለች። እዚያው ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ።

ሲሻላት ይዣት ተመለስኩ። ነገሩ ዱቡሻ ላይ ቀረበ፤ ዱቡሻ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚፈርዱበት ሣር ሜዳችን ነው፤ እዚያ አይዋሽም። የፋብሪካው ወጣት ባለሙያም መጣ።

አቶ መንገሻ፣ «እንግዲህ ፋብሪካውን ልታባርሪብን ነው?» አሉ።

«አላባርርም» አልኩ። «ስንዴውን እዘራለሁ። ዋጋው ይሻለኛል፤ ገበያ ወርጄ ለዶሮ ነው መባል ሰልችቶኛል። ግን ስብሰባ ሲጠራ ሴቶችም እንጠራ። የሚነገረው በጋሞኛ ይነገር። የተረፈ ዘር በዚያው ቀን ወደመጣበት ይመለስ። ከእንሰቱ ጀርባ ያለችውን መሬት ደግሞ አልሰጥም፤ እሷ ላይ የራሴን ዘር እዘራለሁ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ሴትየዋ ለፋብሪካው ኮንትራት ልትሰጥ ነው!» አለ፤ ወንዶቹ ሳቁ።

«አዎ፣ ልሰጥ ነው። እናንተ ያለ እኛ ፈርማችሁ ልጄን ልታስቀብሩኝ ነበር!»

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌዎቹ፣ እናት የተናገረችው ልክ ነው አሉ። ባለሙያው ተነሥቶ ስለ ቀዩ ዘር በጋሞኛ ለሴቶቹ ተናገረ። አዮ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ያለቅሱ ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ምን አጠፉ?

ዘንድሮም ስንዴ ዘራን። የፋብሪካው ትርፍ ዘር በዚያው ቀን በመኪናው ተመለሰ። ንፍሮውን የቀቀልኩት ከእንሰቱ ጀርባ ካገኘሁት ስንዴ ነው። አዮ ሲያጥቡት ውሃው አፈር አፈር መሰለ እንጂ አልቀላም። ምሕረት ድስቱን አየት አድርጋ፣ «መጀመሪያ ዶሮ ትቅመስልኝ!» ብላ ሁሉንም አሳቀች።

አቶ መንገሻም መጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ንፍሮ ሞላሁላቸው።

ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ጆንያ በመጣ ቁጥር አገላብጬ ሥዕል እፈልጋለሁ። ልጄ ግን በዘንድሮው የዘር ቀን ከኔ እጅ በልታ ጠግባ ተኛች። ደህና ነች። ተርፈናል።