ከማስያዣው ላይ የቆረጥኩት ግድግዳ

ያን ጊዜ ሊሴ የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከጨረስኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራ የለኝም፤ ቤት መቀመጥም አልችልበትም። እናቴ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል የግቢው ወረቀት ሁሉ በኔ እጅ ነበር፤ የመብራቱ ሒሳብ፣ የኪራዩ ደረሰኝ፣ በየበሩ የሚለጠፈው ማስታወቂያ። ግቢዋ በወደብ ከተማችን ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ናት። አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ ኖሮ የተወልን እሷን ነው። ሦስት ክፍል ነው፣ አንዱ የኛ፣ ሁለቱ የኪራይ።

ከተከራዮቹ አንዷ ሠላሳ ዓመት ያለፋት የድሬዳዋ ልጅ ነበረች። ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንዲት የታመሙ አሮጊት ታስታምማለች፤ የምትሠራው ሌሊት ነው። ማታ ትወጣለች፣ ጠዋት ትገባለች፣ ቀን ትተኛለች። ሁለት ዓመት ስትኖር አንድ ቀን ኪራይ አላሳደረችም። በሰኔ እህቷ ከድሬዳዋ ስትመጣባት ለሁለት የሚበቃ ክፍል አርሂባ የሚባለው ሰፈር አገኘች። አገኘች ማለት ያዘችው ማለት አይደለም። የዚያ ቤት አከራይ "እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ማስያዣውን ካላመጣሽ ሌላ ሰው አለኝ" ብላታለች። እህትየው ከነሻንጣዋ እዚያው ደጃፍ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ለአዲሱ ቤት የሚከፈለው ደግሞ እኛ ዘንድ የተቀመጠው የአሮጌው ቤት ማስያዣ ነው፤ ሌላ ገንዘብ የላትም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ከሥራ እንደገባች፣ ቁልፉን ስታስረክበኝ ነው።

"እንግዲህ ቶሎ በይልኝ፣ እህት ዓለም።"

መቸኮል ለኔ ችግር ሆኖ አያውቅም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ገባሁ። የመስኮቱ አንድ መስታወት ተሰብሯል፤ ጻፍኩ። ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ግን ጉድ ነው። ልስኑ አብጦ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ረግፏል። በጣቴ ስነካው ድንጋዩ ድረስ እርጥብ ነው።

ሰፈራችን ያለውን ግንበኛ ጠራሁት፤ ሽማግሌ የመናዊ ነው፣ ሁላችንም በዓረብኛ ዓሚ፣ አጎቴ፣ እንለዋለን፣ አማርኛም ሶማሊኛም ቀላቅሎ ይናገራል።

"ዓሚ፣ የባሕሩ ጨው ነው እንዴ?"

ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ አየ። "ጨው ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ይሄ ከላይ ወደ ታች ወርዷል። ሰው ነው ያጠጣው።" ከላይ የተመቱትን ሁለት ሚስማሮች በጣቱ አሳየኝና ዋጋውን ነገረኝ። የማስያዣውን እኩሌታ ይሆናል።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያገኘሁት ጥፋት ከነማስረጃው ነዋ! በሚያምረው ጽሑፌ "ግድግዳ፣ በውሃ የተበላሸ" ብዬ ከነዋጋው አስገባሁና እናቴና ተከራይዋ ወደተቀመጡበት በረንዳ ወጥቼ አነበብኩላቸው።

"መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ቁረጪው፤ እሱን እንደምንም እሞላዋለሁ" አለች። "የግድግዳውን ግን ከቆረጥሽብኝ ክፍሉ ቀረ ማለት ነው።"

"ውሃ አላጠጣሽውም?"

"አጠጥቼዋለሁ። አንሶላ በውሃ እየነከርኩ ራስጌዬ ላይ እሰቅል ነበር።"

"ምን ሆንኩ ብለሽ?"

"ልተኛ ነዋ! በዚህ ሙቀት ሌላ ምን ላርግ?"

"ቬንቲላተር እያለልሽ?"

ወደ ክፍሉ በር አየች። እኔም አየሁ። በሩ ላይ በኔው እጅ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ቬንቲላተር ማብራት ክልክል ነው።

"ጽሑፍሽ መቼም ያምራል" አለች።

ለግቢው ሁሉ ቆጣሪው አንድ ነው። ባለፈው የሙቀት ወራት የመብራቱ ሒሳብ ሲያስደነግጠን ያን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀን ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ ማን ይጎዳል ብዬ። ቀን የሚተኛ ሰው ግቢያችን ውስጥ እንዳለ በየጠዋቱ ስትገባ እያየሁ አላሰብኩትም።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"ነግሬሻለሁ። ጫማሽን እያሰርሽ ነበር። 'ደንብ ለሁሉም ደንብ ነው' ብለሽኝ ወጣሽ።"

ትዝ አለኝ። ባይለኝ ደስ ባለኝ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። "አንቺስ፣ ወደኔ አትመጪም ነበር?" አለቻት።

"እትዬ፣ እርስዎ ሁሌ 'ልጄን ጠይቂ' ነው የሚሉኝ።"

ይህም እውነት ነው። እናቴን ጎትቼ ወደ ጓዳ አስገባኋት።

"እማ፣ የግድግዳውን ልንቆርጥባት አንችልም።"

"እኔ መቼ ልቁረጥ አልኩ? ቆርጠሽ የመጣሽው አንቺ። እና ግድግዳውን ማን ሊያሠራው ነው? እንዲህ እንዳለ ማንም አይከራየውም፤ በእጄ ያለው ደግሞ ይኸው የሷው ገንዘብ ነው።"

"እኔ እሠራዋለሁ።"

"አንቺ? አንቺ እንኳን ግድግዳ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክዪው ጠማማ ነው!"

"ዓሚ ያሳየኛል።"

 ከአልጋው ሥር ያለውን ሻንጣ ከፍታ ገንዘቡን ሰጠችኝ። "ይቅርታም ጠይቂያት፤ ቆመሽ፣ አፍሽን ሞልተሽ። እየሄድሽ እንዳትይው" አለችኝ።

ወጣሁና ቆሜ አልኩት። ለኔ ከባድ ነበር፤ ቶሎ ብዬ ልጨርሰው ስል ምላሴ ተያያዘብኝ። ዝርዝሩ ላይ የግድግዳውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዝኩትና የመስታወቱ ብቻ የተቀነሰበትን ገንዘብ ከነወረቀቱ ሰጠኋት። ገንዘቡን ተቀበለች፤ ወረቀቱን ግን መለሰችልኝ።

"ምክንያቱንም ጻፊበት።"

"ምን ያደርግልሻል? ተሰርዟል እኮ።"

"የአርሂባዋ ሴትዮ ነገ ሰው ልካ ትጠይቅ ይሆናል። 'ግድግዳ አበላሽታ፣ አዝነን ተውንላት' እንዲባልብኝ አልፈልግም። አዝናችሁ አይደለም።"

ሰዓቱ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። የሚያቻኩለው እሷን ነው፤ እሷ ግን ቆማ ጠበቀችኝ። "ግድግዳው የረጠበው ቀን ቬንቲላተር እንዳይበራ ስለከለከልን ነው" ብዬ ጻፍኩ።

"ማን ከለከለ?" አለች አጎንብሳ እያነበበች።

"ስለከለከልን" የሚለውን ሰርዤ "ስለከለከልኩ" አልኩና ፈረምኩ። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ እናቴን ጉልበቷን ሳመች፤ ፍራሿን ታክሲ ላይ አስጫነችና ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ደርሳ ይሆን እያልኩ ዋልኩ። ስልክ መደወል ፈርቼ አልደወልኩም። በማግስቱ ጠዋት አሮጌውን ልስን እየፋቅኩ፣ ፀጉሬ በኖራ ነጥቶ ሳለ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። የረሳችውን ባልዲ ልትወስድ መጥታ ነው።

"ደረስሽ?" አልኳት፣ ሰላምታውን ዘልዬ።

"ለስድስት አምስት ጉዳይ ላይ። ሌላኛዋ ሴት ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፣ ገንዘቧን እየቆጠረች።" ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቋን መያዝ አቃታት። "እውነትም አንቺው ነሽ የምትሠሪው! በይ ልርዳሽ አልልም፤ ሌሊቱን ሙሉ በእግሬ ቆሜ ነው ያደርኩት።"

"ማን ለመነሽ?" አልኳት።

"ከላይ ነው ጀምረሽ መፋቅ ያለብሽ፣ ደንቆሮ" አለችኝና ባልዲዋን ይዛ ልትተኛ ሄደች።