የአዴ ዲንቄ የገብስ ማሳ

ባለፈው ሐምሌ አዳማ መናኸሪያ ቆሜ የሐዋሳ መኪና ስጠብቅ፣ አንድ ረዳት ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ኢተያ! አሰላ! አሰላ ሁለት ሰው!» እያለ ይጮህ ነበር። ልጅ ሆኜ ያንን ጩኸት ስሰማ በደስታ እዘል ነበር። አሁን ግን ቦርሳዬ ከበደኝ። ረዳቱ አፍጥጦ አየኝና «አባት፣ አሰላ ነዎት?» አለኝ። አይደለሁም ልለው አፌን ከፈትኩና «ነኝ» አልኩት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ እኔንና ሁለቱን እህቶቼን ከአዳማ ወደ ትውልድ አገሩ ይልከን ነበር። አገሩ ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ጭላሎ ግርጌ ነው። ሌላው ሰው ብርድ ሲሸሽ እኛ ብርድ ፍለጋ ደጋ እንወጣለን። ተራራው ጉም እንደተከናነበ ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ይገባል፤ ኮንጎ ጫማችን ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። የምትቀበለን የአጎቴ ሚስት አዴ ዲንቄ ነበረች። የአርሲ ኦሮሞ ልጅ ስለሆነች የመንደሩ ሰው አዴ፣ እናት እንደ ማለት፣ ይላታል፤ እኛም እንደዚያው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ነበረች። እግራችንን ለብ ባለ ውሃ ታጥበናለች፣ በአጎቴ ጋቢ ትጠቀልለናለች፣ ከዚያ ጭኮ ታቀርባለች። ጭኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ ነው፤ ሽታው ከሹራባችን እስከ መስከረም አይለቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን «ዳቦ የለም እንዴ?» ማለት እንጀምራለን።

«ወይ የከተማ ሆድ!» ትላለች እየሳቀች። «ብላ ኢልማ ኮ፣ ብላ ልጄ። ብርድ የሚያስረሳ ገብስ ነው።»

«አንቺስ?» ስንላት «እኔ በልቻለሁ» ነው መልሷ። ሁልጊዜ በልታለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አባቴ ራሱ ይዞን መጣ። ለጥየቃ አልነበረም። ከአያቴ የቀረውን መሬት አጎቴ ብቻውን ያርስ ነበርና አባቴ «ድርሻዬ ይለይ» አለ። አጎቴ ደግሞ «ከተማ ተቀምጦ ምን ሊያደርገው ነው?» አለ። ሁለት ቀን በነገር ሲጎሻሸሙ ሰነበቱና በሦስተኛው ቀን እርሻ መሐል ዱላ ተማዘዙ። ዝናብ ይጥል ነበር። እህቶቼ አለቀሱ። እኔን ያስፈራኝ፣ ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ፣ የአባቴ መፈንከት አልነበረም። ወደዚህ ቤት ዳግመኛ እንዳንመጣ ነበር የፈራሁት።

አዴ ሲንቄዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ሲንቄ የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው፤ ሴት ይዛው መሐል ከገባች ወንድ እሷን አልፎ አይማታም። አዴ ጭቃውን እያቦካች ሄዳ ሁለቱ መሐል ቆመች።

«ኑ እንግዲህ! ይቺን አልፎ የሚማታ ወንድ ካለ ልየው!»

ዱላዎቹ ወረዱ። ያ ግዙፍ አጎቴ አስተማሪ እንደተቆጣው ተማሪ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ለአባቴ ከምንጩ አጠገብ ያለ ቁራሽ ማሳ ተሰጠውና ታረቁ። አባቴ ብዙ ዓመት አዳማ ላይ «ወንድሜ እኮ ለፍርድ ተገዛ» እያለ ሲያወራው ኖረ። አራሽ ስላልነበረ ባሕር ዛፍ ተከለበት፤ «ለልጆቼ ይሆናል» ብሎ። እኛም ክረምት በመጣ ቁጥር መሄዳችንን ቀጠልን። ጭኮውም አልቀረብንም።

አባቴና አጎቴ ተከታትለው አረፉ። አዴ ያረፈችው አምና ነው። ለሐዘን ሄጄ፣ ድንኳን ውስጥ ከልጇ ከበቀለ ጎን ተቀምጬ የጭኮዋን ነገር እያነሳሁ ሳወራ ቀና ብሎ አየኝ።

«ባሕር ዛፉ ያለበት ቦታ የማን እንደነበረ ታውቃለህ?»

«የአያታችን ነዋ።»

«የእናቴ የገብስ ማሳ ነበር። አባቴ ሲያገባት ለጓዳዋ የለየላት። ሽማግሌዎቹ ማስማማት ሲያቅታቸው የኔን ስጡት ያለችው እሷ ናት።»

«ታዲያ ከዚያ ወዲህ እኛ የበላነው ገብስ?»

«የሰው አረም እያረመች ያመጣችው ነዋ። ክረምት ጎተራ ውስጥ ምን አለ? ለእናንተ ነበር።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቤት ስትጠፋ ትዝ አለኝ። ወገቧን ይዛ፣ ጣቶቿ አብጠው ከሰዓት በኋላ ስትመለስ «ምሳ ዘገየ» ብለን የምናኮርፈው እኛ ነበርን። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። አዴ ሞኝ አልነበረችም፤ እኛ ግን ቆርጠናል። እዚያው ድንኳን ውስጥ አፈርኩ። ለእህቶቼም ነገርኳቸው። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ማናችንም ምንም አላደረግንም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ማፈርም ያደክመዋል።

ሐዋሳን ትቼ አሰላ የገባሁት ለዚህ ነው። በማግስቱ ጠዋት መንደሩ ወጥቼ በቀለን «ዛፉንም መሬቱንም ውሰድ። የእናትህ ነው» አልኩት።

እንደ መሳቅ አለ። «ባሕር ዛፍ የመጠጠውን መሬት ገብስ አይወደውም። ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል። ጉቶው ሳይነቀል ምኑን ነው የምትሰጠኝ?»

ዶማ አምጣ አልኩት። ከጥግ ያሉትን ጥቂት ዛፎች ጣልንና ጉቶ መንቀል ያዝን። ሥሩ እየቆፈርነው ይርቃል። ዝናቡም አላቆመም። እጄ ውሃ ቋጠረ፤ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። እስከ ምሳ ድረስ የነቀልነው አንድ ጉቶ ነበር። የቀሩትን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ በዕድሜዬ እንደማልጨርሳቸው አውቃለሁ።

በቀለ ዶማውን ከእጄ ወሰደ። «በቃህ፣ ደክሞሃል። ቁጭ በል» አለኝ።

እናቱን በዚያ ሁሉ ክረምት እንዲህ ያላት ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ግን አላልኳትም።